የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ፖሊሲ አማካሪ መሆን ለሚፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ተመራቂዎች፣ ወረዳ ላይ ያሉ የግብርና ባለሙያዎች፣ ከኤንጂኦ ወደ ፖሊሲ ሥራ መሻገር የሚያስቡ ሰዎች ስለዚህ ሙያ ብዙ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከኢትዮጵያ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ምንድን ነው?

ድርቁ፣ ጎርፉና ሙቀቱ እየተለወጡ መሆናቸውን አውቆ፣ የመንግሥት ዕቅድ፣ ሕግና በጀት በዚያ ልክ እንዲስተካከል የሚመክር ባለሙያ ነው። ራሱ ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ ችግኝም አይተክልም። ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ ማን ያስተዳድረው፣ ሲበላሽ የጥገናው ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ነው ሥራው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መንገድ ሲነደፍ የካልቨርቱ፣ ማለትም ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያልፍበት ቱቦ፣ ስፋት የሚሰላው ባለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው። ዝናቡ ከበፊቱ ይበልጥ ባንዴ የሚወርድ ከሆነ ያ ካልቨርት ይጠባል። መንገዱም ከባድ ክረምት ሲመጣ ይቆረጣል። አማካሪው አንድ ካልቨርት በማስቀየር አይረካም። የንድፍ መመሪያው እንዲሻሻል ነው የሚታገለው። መመሪያው ከተሻሻለ ከዚያ በኋላ የሚሠራው መንገድ ሁሉ ይሻሻላል። ለእኔ የሙያው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የካርቦን ልቀት ከመቀነስ በምን ይለያል?

ልቀት ቅነሳ ችግሩ እንዳይባባስ ምንጩን መያዝ ነው። መላመድ፣ ወይም ብዙዎች አዳፕቴሽን የሚሉት፣ አሁን ከደረሰውና ከማይቀረው ጉዳት ጋር እንዴት እንኑር ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ልቀት ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። የድርቁን ዋጋ ግን ትከፍላለች። ስለዚህ ለእኛ መላመድ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ ልቀቱ ዝቅተኛ ነው። ዝናቡ ሲዛባ ግን ያው ኃይል ስጋት ላይ ይወድቃል። የኃይል ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ስብሰባ ላይ የመላመድ አማካሪ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

አማካሪው ቀን ከቀን ምን ሲሠራ ይውላል?

ብዙ ያነባል፤ ብዙ ይጽፋል፤ ብዙ ይሰበሰባል። የሌላ መሥሪያ ቤት ረቂቅ ሲመጣ አንብቦ አስተያየት ይሰጣል። ለሚኒስትሩ ወይም ለቢሮ ኃላፊው የሁለት ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጃል። ከሜትሮሎጂ፣ ከግብርና፣ ከጤናና ከገንዘብ ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው ያስረዳል።

ይህ የማስረዳት ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። የወቅት ትንበያን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ ያወጣል። ዝናቡ በሦስት ተከፍሎ ይቀርባል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱ የመሆን ዕድል ይሰጠዋል። ለምሳሌ ለአንድ ዞን በልጉ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን 20 ነው ተባለ እንበል። ወረዳ ላይ ይህ ወሬ ሲደርስ "ዘንድሮ ዝናብ የለም" ሆኖ ይደርሳል። እንደዚያ ግን አላለም። ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድሉ 55 በመቶ ነው። ገበሬው አትዝራ ከተባለና ዝናቡ ከመጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይሰማችሁም።

ጥሩ አማካሪ እዚህ ቦታ ላይ ውሳኔዎቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል። ዝናቡ ቢመጣም ባይመጣም የማይጎዱት አንድ ላይ ይሆናሉ፦ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ቀድሞ ማቅረብ፣ የተበላሹ የውሃ ተቋማትን መጠገን፣ የከብት ክትባትን ማፋጠን። ገንዘብ የሚያስወጡና መመለሻ የሌላቸው ደግሞ ለብቻ፦ መኖ በብዛት መግዛት፣ ከብት ቀድሞ እንዲሸጥ መገፋፋት። የመጀመሪያዎቹ ዛሬውኑ ይጀመራሉ። ሁለተኛዎቹ ወቅቱ ከገባ በኋላ የሚወጣውን መረጃ ጠብቀው ይወሰናሉ። ይህን በግማሽ ገጽ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ ጽፎ ለወረዳው ማድረስ የሚችል ሰው ዋጋው ትልቅ ነው።

ሌላው የዕለት ጉዳይ የበጀት ካላንደር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የሚቀርብ ድንቅ ሐሳብ የዘገየ ሐሳብ ነው። መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁበትን ወራት በቃል ያዙ።

የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ይሆነኛል?

ይሆናል። ግብርና፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሃይድሮሎጂ፣ ሜትሮሎጂ፣ ሕግ፣ የሕዝብ ጤናም እንደዚያው። ሁለተኛ ዲግሪ አብዛኛው ቦታ ላይ ይጠየቃል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውሃና በሜትሮሎጂ ይታወቃል። ሐረማያ በእርሻ፣ የሐዋሳው ወንዶ ገነት በደንና በተፈጥሮ ሀብት፣ ባሕር ዳር በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ሰው አፍርተዋል። ውጭ መማር ለሚፈልግ ዳድ፣ ቺቭኒንግና ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉት የትምህርት ዕድሎች በየዓመቱ የሚሞከሩ ናቸው።

እኔ ከዲግሪው ስም ይልቅ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ቁጥር አይቶ የማይደነግጥ መሆን። ኤክሴልን በደንብ የሚያውቅ፣ የ30 ዓመት የዝናብ መረጃ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው። ጂአይኤስ፣ ማለትም መረጃን በካርታ ላይ የሚተነትን ሶፍትዌር፣ ቢጨመርበት እሰየው። ሁለተኛ፣ አጥርቶ መጻፍ። በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን አሳምሮ የሚጽፍ አማካሪ እጅግ ጥቂት ነው። የወረዳ አስተዳዳሪውን የሚያሳምነው ወረቀት ግን በዚያ ቋንቋ የተጻፈው ነው።

የትኞቹን ሰነዶች ማወቅ አለብኝ?

አገሪቱ በ2007 ያወጣችውን የመጀመሪያውን የመላመድ መርሐ ግብር አይታችሁ እለፉት። የ2011ን የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ግን ማወቅ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እርሱን መነሻ ያደርጋል። በ2019 የወጣው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ 18 አማራጮችን ይዘረዝራል፤ ከእርሻና ከውሃ እስከ ጤናና ትራንስፖርት። በ2021 የታደሰው የአገሪቱ የፓሪስ ስምምነት ቃል ኪዳን ደግሞ እስከ 2030 ልቀትን 68.8 በመቶ ለመቀነስ ያለመ ነው፤ የመላመድ ክፍልም አለው።

እነዚህን ማንበብ በቂ አይደለም። የአንድ ወረዳ ዓመታዊ ዕቅድ ፈልጉና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከ18ቱ አማራጮች ስንቱ የወረዳው ዕቅድ ውስጥ ገብቷል? የገባው በጀት ተይዞለታል ወይስ "ከአጋር ድርጅት ይጠበቃል" ተብሎ ታልፏል? በዚህ አንድ ልምምድ ሙያውን ከብዙ ዎርክሾፕ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ማን ነው የሚቀጥረው?

መንግሥት ቤት፦ የአየር ንብረት ጉዳይን የሚያስተባብረው ፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ግብርና፣ ውሃና ኢነርጂ፣ ጤና፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን። የክልል ቢሮዎችን አትርሱ። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ሲሻማ ክልል ላይ ሰው ይጠፋል።

አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካም እዚሁ ነው፤ በውስጡ የአፍሪካ የአየር ንብረት ፖሊሲ ማዕከል አለው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኤምባሲዎችና ኤንጂኦዎችም ይቀጥራሉ። ልምድ ያካበቱት በግል ኮንሰልታንት ሆነው ይሠራሉ።

ደመወዙስ?

የመንግሥት ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከወር አስቤዛ ጋር ያታግላል። ዓለም አቀፍ ድርጅት ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል። ኮንሰልታንት በቀን ይታሰብለታል፤ ሥራ የሌለባቸው ወራትም ይኖሩታል።

የእኔ ምክር፦ ከተቻላችሁ መጀመሪያ መንግሥት ቤት ጥቂት ዓመት ሥሩ። ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ረቂቅ የት እንደሚቆም፣ ውሳኔ በእውነት የት እንደሚሰጥ የሚታወቀው ውስጥ ሆኖ ነው። ይህን የማያውቅ አማካሪ የሚያምር ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ ሼልፍ ላይ ይቀራል።

ምክር ሊጎዳ ይችላል?

በደንብ ይጎዳል። ይህን ጥያቄ ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

አፋርን ተመልከቱ። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የገባው በበጎ ሐሳብ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል፤ ጥላና ማገዶ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ዛሬ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። የአዋሽን ዳር ግጦሽ ውጧል። እሾሁ ከብቱንም ሰዉንም ያቆስላል። ፍሬውን ከብቱ እየበላ በእበቱ ይዘራዋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ድርቀትን ለመቋቋም የገባ ዛፍ አርብቶ አደሩን ለድርቅ ይበልጥ አጋለጠው።

ቦረና ላይ ደግሞ የውሃ ጉዳይ አለ። ውሃ ሲጠፋ ጉድጓድ ቆፍሩ ማለት ትክክል ይመስላል። ግን የቦረና አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱን በወቅት ከፍሎ ነው የሚጠቀመው። ለደረቁ ወራት የሚቆይ ግጦሽ አለ። እዚያ መሐል ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ጉድጓድ ከተቆፈረ ከብቱ እዚያው ይሰፍራል፤ ሣሩም ያልቃል። የክፉ ቀን መጠባበቂያው ጠፋ ማለት ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የኤላ ውሃዎች ለዘመናት የቆዩት ተራ ስላላቸው ነው። ማን መቼ ያጠጣል የሚለውን የሚያስተዳድር ሰው አላቸው፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። የውሃ ፕሮጀክት ሲነደፍ እርሱን ሳያናግር የሚመክር አማካሪ መሬቱን አያውቅም።

ለዚህ ነው መስክ መውጣት ግዴታ ነው የምለው። የኮንሶን እርከን በፎቶ አይታችሁ ስለ አፈር ጥበቃ መምከር አትችሉም። ድንጋዩ እንዴት እንደሚካብ፣ ሲፈርስ ማን እንደሚጠግን፣ ወጣቱ ለሥራ ከተማ ሲሄድ ጥገናው ምን እንደሚሆን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሥራው የገጠር ብቻ ነው?

አይደለም። በ2006 ክረምት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ጎርፉ የመጣው በሌሊት፣ ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ነው። ከዚያ የሚወጣው ትምህርት የከተማ ፕላን፣ የተፋሰስ ሥራና የማስጠንቀቂያ ደወል አንድ ላይ መታቀድ እንዳለባቸው ነው። ሦስቱ ግን ሦስት የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው። የሚያገናኛቸው ሰው ያስፈልጋል።

ጤናም አለ። በ2014 የታተመ ጥናት ደብረ ዘይት ዙሪያ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ የወባ መመርመሪያና መድኃኒት በበቂ ይያዝ የሚለው የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከመንግሥት በጀት፣ ከለጋሽ አገሮችና ከዓለም አቀፍ ፈንዶች። ትልቁ አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደቡብ ኮሪያ፣ ሶንግዶ ይገኛል። በ2017 ለኢትዮጵያ የድርቅ መቋቋም ፕሮጀክት 45 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ገንዘብ ሚኒስቴር ከፈንዱ በቀጥታ ገንዘብ ለመቀበል የሚያስችል ዕውቅና ስላለው ፕሮጀክቱ በውጭ ድርጅት በኩል አላለፈም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፈንዱን ገንዘብ የሚፈልግ ፕሮፖዛል አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህ ችግር ድህነት ብቻ ነው ወይስ የአየር ንብረት ለውጡ ምን ጨመረበት? ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ነው። የዝናብና የሙቀት መረጃ አምጥቶ ይህን በማስረጃ የሚያሳይ ሰው ተፈላጊ ነው።

ጠቅላላው ገንዘብ ግን በጣም ያንሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ታዳጊ አገሮች በዚህ አሥር ዓመት ለመላመድ በዓመት ከ215 እስከ 387 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋቸዋል። በ2021 ከመንግሥታት የደረሳቸው ወደ 21 ቢሊዮን ነው። ስለዚህ ያለውን ገንዘብ በአግባቡ መጠቀምም የአማካሪው ኃላፊነት ነው። ለተቸገሩ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ2005 ጀምሮ አለ። ቦረና ላይ ከ2012 ጀምሮ የእንስሳት መድን አለ፤ የሣሩ ልምላሜ በሳተላይት ይለካና ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ክፍያ ይፈጸማል። አዲስ ፕሮጀክት ከመፈልሰፍ በፊት እነዚህን ማስፋት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ዓለም አቀፍ ድርድር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። በየት በኩል ነው መንገዱ?

በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ጀርመን፣ ቦን ላይ የቴክኒክ ስብሰባ አለ፤ ዋናው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ) በዓመቱ መጨረሻ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ በዚህ መድረክ እንግዳ አይደለችም። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የአፍሪካን አቋም የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። በ2017 እና በ2018 አገሪቱ በድርድሩ እጅግ ያላደጉ አገሮችን ቡድን በሊቀመንበርነት መርታለች። በ2027 ደግሞ 32ኛው ጉባኤ አዲስ አበባ እንዲካሄድ ብራዚል፣ ቤሌም ላይ ተወስኗል።

ወጣት ተደራዳሪ መሆን የምትፈልጉ አንድ አጀንዳ ምረጡ። ሁሉን ለመከታተል የሚሞክር አንዱንም አይዝም። መላመድን፣ ፋይናንስን ወይም የጉዳትና ኪሳራ ፈንዱን ያዙና ያለፉትን ውሳኔዎች አንብቡ። ድርድር ላይ የሚያሸንፈው ያለፈው ዓመት ጽሑፍ ውስጥ የትኛው አንቀጽ ምን እንደሚል የሚያስታውስ ሰው ነው።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ማገልገል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በሃይድሮሎጂ፣ በመድን ወይም በዳታ ሥራ ላይ ያላችሁ በተለይ። የአገር ቤት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አብራችሁ ማማከር ጥሩ መጀመሪያ ነው። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሥልጠና ሰጥቶ መመለስ ግን ብዙም አይጠቅም። ከአንድ ቢሮ ጋር ለዓመታት መዝለቅ ይሻላል።

ምክሬ ባይሰማስ?

ብዙ ጊዜ አይሰማም። ኃላፊ ይቀየራል፤ መሥሪያ ቤት ይዋቀራል፤ ግጭት ሲነሳ ሁሉም ዕቅድ ይታጠፋል። ይህ ያማል፤ በተለይ ያስጠነቀቃችሁት ድርቅ ሲደርስ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁ ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የሞቱት ከብቶች የሰው ሀብት ሁሉ ነበሩ።

የሚረዳችሁ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ነው። ማስታወሻችሁ ተጽፎ፣ ወጪው ተሰልቶ፣ የሚመለከተው ሰው ስም ተለይቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። አደጋ ሲደርስ በር ይከፈታል፤ ሁሉም ምን እናድርግ ይላል። ያኔ ከባዶ የሚጀምር ሰው አይደርስም። ደግሞ ከሚኒስትሩ በታች ያሉትን ባለሙያዎች አክብሩ። ኃላፊ ሲቀየር እነርሱ ይቆያሉ፤ ሐሳቡን ይዘው የሚሻገሩት እነርሱ ናቸው።

ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ አሥራ አምስት ዓመት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ዘግይቻለሁ?

ኧረ በጭራሽ። የጎደለዎት የፖሊሲ አጻጻፍና የመረጃ ትንተና ብቻ ነው፤ እርሱ ይለመዳል። አንድ የሚያውቁትን ቀበሌ ይውሰዱ። ዝናቡ፣ ዘሩ፣ ውሃው በእርስዎ ዘመን እንዴት እንደተለወጠ በሁለት ገጽ ይጻፉ። ከአቅራቢያው የሜትሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጋር ያስተያዩት። የሚስማማውንም የማይስማማውንም ይጻፉ። መጨረሻ ላይ ወረዳው በሚቀጥለው በጀት ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ሦስት ነገሮች ከነወጪያቸው ያስቀምጡ። ለሥራ ሲያመለክቱ ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር ይህን አያይዙት።